ሠላሳ ስምንቱን ፉርጎ ብቻቸውን ያልሳቡት ነጂ

«መዝገቡ አይዋሽም፣ ጋሼ!» አሉ መምህሩ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ሠላሳ ስምንት ፉርጎ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አንድ ነጂ። የላይኛው ጣቢያ ጸሐፊ በእጁ የጻፈው ነው።»

«አዎ፣ መዝገቡ አይዋሽም። ያላየውን ግን ከየት አምጥቶ ይጽፋል?»

ይህን የመለሱት ዛሬ የሚሸኙት ጋሽ አሸዋ ናቸው። ክርክሩ የተነሣው ባለፈው ዓመት፣ የባቡር ወዳጆች ማኅበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰብባት፣ መስኮቷ የዕቃ ባቡሮቹን ግቢ በምታሳይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ማኅበሩ ከሥራ ወጥቶ በዴፖው በር ለቆመው የጋሽ አሸዋ ሎኮሞቲቭ የነሐስ ጽሑፍ አሠርቶ ነበር፤ ሊለጠፍ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ጋሽ አሸዋ ደግሞ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ካልታረመች እንቅልፍ የሚወስዳቸው አልመሰላቸውም። ነገሩ እንዲገባ ግን ከመነሻቸው መጀመር ይሻላል።

ጋሽ አሸዋ ከሐዲድ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሐዲዱ ሃያ እርምጃ በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1937 ዓ.ም. ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩ ስለነበር፣ እናታቸው «ይህ ልጅ እሹሩሩ የሚለው አላጣም» ይሉ ነበር። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1955 ዓ.ም. በጥገና ክፍል በሞተር አጣቢነት ተቀጠሩ፤ ከሰባት ዓመት በኋላም ነጂ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. በትኬት መስኮት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሰው ሲጠይቃቸው «ትኬት ሳይቆርጥ ገብቶ እዚያው የቀረ ተሳፋሪ ነው» ይላሉ።

በ1968 ዓ.ም. ነጂዎቹ «ጎሽ» ያሏቸው የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጡ። መቶ ሃያ ቶን የሚመዝኑ፣ ሦስት ሺህ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ነበሩ፤ በመስመሩ ላይ እንደነሱ ያለ ጉልበተኛ ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ አሸዋ ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በጎሽ ላይ ነው። ሐዲድ ሲረጥብ መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት ከሎኮሞቲቩ ሥር የሚፈሰውን አሸዋ፣ ራሳቸው ነፍተውና አድርቀው ካልሞሉ አይነሡም ነበር። ባልደረቦቻቸው «ገንፎ ልታገነፋ ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ «ዳገቱ ላይ እንገናኝ» ይሏቸው ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ በዝናብ፣ እህል የጫኑ ሠላሳ ስምንት ፉርጎዎችን ይዘው ትልቁን ዳገት ወጡ። ከኋላ አንዲት አሮጌ ሎኮሞቲቭ ትገፋ ነበር፤ ነጂዋም አብረዋቸው የተቀጠሩ የልብ ጓደኛቸው ነበሩ። ገፊ ዳገቱ እንዳለቀ ተላቆ ወደ ታች ስለሚመለስ የላይኛው ጣቢያ ድረስ አይሄድም፤ ጸሐፊውም አይመዘግበውም። ከዓመታት በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆኑት እኚሁ መምህር፣ ያስተምሩ የነበረው ሒሳብ ነውና፣ መዝገቡን አግኝተው አሰሉ፤ «ጎሽ ብቻውን ይችላል!» ብለውም አወጁ።

ጋሽ አሸዋ በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ ሲገቡ፣ አባላቱ በሙሉ ከወንበራቸው ተነሡላቸው። ብቻቸውን የሳቡት እርሳቸው እንደሆኑ ተጠየቁ። አልዋሹም፤ ፈገግ ብለው ተቀመጡ እንጂ። ያች ፈገግታ አሥራ ስምንት ዓመት ከረመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝምታህ እኮ ካንተ በላይ ያወራል» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸው።

«ተይ እስቲ፣ ማን ተጎዳ?»

ጓደኛቸው ከሞቱ በኋላ ግን ይህ መልስ አልወጣ አላቸው። ነሐሱ ላይ «ብቻውን» የሚል ቃል መቀረጹን በሰሙ ቀን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ማኅበሩ ሄዱ።

«ገፊ ነበረ። ነጂውም ስም አለው» አሉ።

መምህሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበሩ ታዲያ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ። ስትነሡልኝ ደስ እያለኝ።»

መምህሩ የስሌት ወረቀታቸውን ዘረጉ። ጋሽ አሸዋ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ዝናቡ የታለ?» አሉ። መምህሩ ያሰሉት ለደረቅ ሐዲድ ኖሯል።

«አሸዋውስ?» አሉ መምህሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አሸዋ መንኮራኩር ይይዛል እንጂ ፉርጎ አይገፋም፣ መምህር።»

በሳምንቱ መምህሩ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ጎሽ በእርጥብ ሐዲድ፣ ከነአሸዋው፣ ያንን ዳገት ይዞ የሚወጣው ሃያ አራት ፉርጎ ነው። የአሥራ አራቱን ዕዳ ሌላ ሰው እንደተሸከመ ራሳቸው ለአባላቱ አነበቡ። ነሐሱ ተመልሶ ቀለጠ፤ በአዲሱ ላይ የሁለት ነጂዎች ስም ተቀረጸ። በተለጠፈ ቀን ጋሽ አሸዋ የጓደኛቸውን ባለቤት ክንድ ይዘው ከፊት አቆሟቸው። ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠየቁም «ተጽፏል፣ አንብቡት» ብለው ዞር አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተነሣላቸውም፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ነበር የሚባሉት። ይህንንም ቤት ገብተው እንደ ሹመት ይናገሩት ነበር።

ጋሽ አሸዋ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጎን ያስቀምጥ፤ ቤተሰባቸውንም አይዟችሁ ይበል።

በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት የማኅበሩ አባላት ከጋሽ አሸዋ የሆስፒታል አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው እግራቸው ሥር ሆነው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ክርክሩ የጎሽ ነዳጅ ታንክ ስንት ሊትር ይይዛል የሚል ነበር።

«አምስት ሺህ ነው።»

«ስድስት! በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

«ታንክ በዓይን ይለካል እንዴ፣ አንተ?»

ባለቤታቸው ሳቁ። ጋሽ አሸዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንደመለሱ ዓይናቸውን ከደኑ። ክርክሩ ብርቱካኑ ተልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቀጠለ።