የአባባን ቦታ የወሰድኩ ሰሞን

ሽሮ ሜዳ፣ ኅዳር 15 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? አራስ ቤቱ እንዴት ይዞሻል? ጡትሽ ወተት ሞላ? ልጁስ ሌሊት ያስተኛሻል ወይስ እንደ አጎቱ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል? አባትየው ተስፋሁን ገንፎ ማገንፋት ለመደ ወይስ አሁንም እየጓጎለበት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አባባም ደህና ነው። ይህን ሁሉ በስልክ መጠየቅ እየቻልኩ ወረቀት ማበላሸቴ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ድምፄን ትሰሚና «ምን ሆነሃል?» ትዪኛለሽ፣ እኔም እቀባጥራለሁ፣ አባባ ደግሞ አጠገቤ ተኝቶ ይሰማል። ስለዚህ ጨርቅ ነጋዴዋ የሺ ነገ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ ስለምትወርድ፣ ከዕቃው ጋር በእሷ ላክሁልሽ።

ከአባባ ጋር የሚሸምኑት ጋሽ ወልደ ሥላሴ «አራስ ክፉ አይነገራትም፣ ተው» ብለውኝ ነበር። የምጽፍልሽ ግን ክፉ ወሬ ሳይሆን ያጠፋሁትን ነው። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

እኔ እኮ በዚህ አገር የሥራ ቦታ በማግኘት የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ላፕቶፔን አዝዬ ከሀዋሳ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጅማ ስዞር፣ የትኛው ካፌ ሶኬት እንዳለው፣ የትኛው የጋራ ቢሮ ጄኔሬተሩ ቶሎ እንደሚነሳ፣ የትኛው ወንበር ወገብ እንደሚፈጅ በቴሌግራም እየጻፍኩ ስንቱን መራሁ። ዛሬም የማላውቀው ሰው «ወንድሜ፣ አዳማ ላይ ጥሩ ቦታ ጠቁመኝ» ይለኛል። ይኸው መሪው፣ አባባ ቀኝ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ከአልጋው ሳይርቅ የሚሠራበት አንድ ጥግ አጥቶ ሁለት ወር ተንከራተተ።

«ቤት ውስጥ ለምን አትሠራም?» እንዳትዪኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የውጭ አገር ደንበኞችን በቪዲዮ ነው የማናግረው። አባባን ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው መች ያልቃል? አንዱን ደንበኛ እያስረዳሁ ከጀርባዬ የእድራችን ሴቶች በሙሉ ገብተው «እግዜር ይማርህ» ሲሉ ሰውየው ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። የስልኩ ኢንተርኔት ደግሞ እዚህ ከተራራው ሥር ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ሙከራ ላይ ነበርኩ፤ መስመሩ ሦስት ጊዜ ከተቋረጠብኝ በቃ፣ ደህና ሁን። ሁለቱን ጨርሼ ነበር። የአባባ መድኃኒትና የእጁ ሕክምና በዚችው ሥራ ነው የሚሄደው፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።

ካፌ ሞከርኩ፤ ሙዚቃውን ቀንሱልኝ ስላቸው ጨመሩት። የእጽዋት ማዕከሉ ድረስ ወጥቼ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኢንተርኔቱ ግሩም ነበር፣ ግን ዝናቡ መጣና ላፕቶፔን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። መጨረሻ ላይ ዊንጌት አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የጋራ ቢሮ አገኘሁ። ኧረ ምን ልበልሽ፣ መስታወት በመስታወት፣ ጸጥ ያለ፣ ወንበሩ እንቅልፍ የሚያመጣ። እዚያ በዋልኩበት በመጀመሪያው ቀን ግን አባባን ለማየት ቃል የገባው ሰው ሳይመጣ ቀረ። ስመለስ አንሶላው ርሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። አጥቤ አንሶላውን ቀየርኩለት። ከዚያ ወዲያ ዊንጌት አልሄድኩም።

ያን ሰሞን ነው የአከራያችን ልጅ ሃዊ ፊት ለፊት ቤት ኢንተርኔት ያስገባችው። የይለፍ ቁጥሩን ሰጠችኝና ስልኬን ይዤ ግቢውን ጥግ በጥግ ዞርኩት። ወይ ጉዴ! አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የሽመና ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ አባባ ሠላሳ ዓመት እግሩን ከትቶ የሸመነበት ጉድጓድ ላይ።

እትዬ፣ ስትሄጂ ያልሽኝን አልረሳሁም። «የአባባን ሽመና እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው» ብለሽ አስምለሽኛል። ድሩ ላይ ያለው ያንቺ የአራስ ጋቢ መሆኑንም አውቃለሁ፤ የቀረው ሁለት ክንድ ነበር። አባባ የታመመ ዕለት እንደተወው ነው፣ መወርወሪያው እንኳ ከነማጉ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ለጋሽ ወልደ ሥላሴ ነገርኳቸው። «ችግር የለም፣ ሰኞ ሦስት አራት ሆነን ድሩን ሳናላላ ጠቅልለን እናነሳልሃለን፤ ዛሬ እሑድ ነው፣ እጅ አይነካም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከአለቃዬ ጋር ስብሰባ አለብኝ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ የአባባን መቀስ አነሳሁ።

የሸማኔ ልጅ ሆኜ! ድሩን ከመቁረጤ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ አየሽ፣ ኋላ እያየሁ እንዳለ የምመልሰው መስሎኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የለቀምኩትም የለ። ጋቢውን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ጉድጓዱን በሳንቃ ሸፈንኩ፣ ጠረጴዛዬን ከላይ አቆምኩ።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ በማግሥቱ ገብተው ሲያዩ አልተቆጡኝም። ቆም ብለው አዩትና ጉድጓዳቸው ገቡ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከዞርኩባቸው ሁሉ እንደዚያ ያለ የጋራ ቢሮ አላየሁም። እኔ ስናገር እሳቸውና ሁለቱ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ያቆማሉ፣ ስጨርስ ይቀጥላሉ። ለእኔ ሲሉ ሥራቸው ወደኋላ ቀረ። አንዴ አለቃዬ የመወርወሪያውን ድምፅ ሰምታ ምንድን ነው ብትለኝ ዝናብ ነው አልኳት።

አባባ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። እየተሻለው ነበር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! የሕክምና ባለሙያዋ እጁን እንዲያፍታታ ኳስ ሰጥታው ነበር፤ እሱ ግን ኳሱን ትቶ የክር ልቃቂት ነው የሚጨብጠው፣ ቀኑን ሙሉ። «ለልጁ ክርስትና አርባ ምንጭ በእግሬ እገባለሁ» ይል ነበር፣ አፉ እየተያያዘበት። ማታ ማታ ከአልጋው እስከ በሩ እየደገፍኩ አራምደዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ነው። አለቃዬ እያናገረችኝ ነው፣ እኔም ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌያለሁ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የራሴ ምስል ያለባት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ውስጥ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። አባባ ነው። ግቢውን ብቻውን፣ በከዘራ ተሻግሮ መጥቷል። ከታመመ ጀምሮ ብቻውን ሲራመድ ያኔ የመጀመሪያው ነው፣ እኔ ደግሞ በስክሪን ነው ያየሁት።

ጠረጴዛውን አየ፣ ሳንቃውን አየ። የግራ እጁን አንስቶ ድሩ ይወጠርበት የነበረውን ባዶ እንጨት ዳሰሰ። ልነሳ አልኩ፣ አልተነሳሁም። አለቃዬ በዚያችው ደቂቃ «ሙከራውን አልፈሃል፣ እንኳን ደስ አለህ» እያለችኝ ነበር። ፈገግ ብዬ አመሰግናለሁ አልኳት። ዞር ስል ጋሽ ወልደ ሥላሴ ይዘውት ወጥተዋል።

ሮጬ ገባሁ፣ እግሩ ሥር ተደፋሁ። ቢሰድበኝ፣ በከዘራው ቢለኝ እንዴት ደስ ባለኝ! «ቦታው ተስማማህ?» አለኝ። «ብርሃኑ ጥሩ ነው። ከሰዓት ግን ፀሐዩ ዓይን ይመታል፣ ወንበርህን ወደ ግራ አዙረው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቃቂቱን አልነካም። እጁ ላይ ሳስቀምጥለት ይዞት ይቆይና ይለቀዋል። ከበሩ የሚያደርሰኝ እግርም የለኝም ይላል። ሁለት ጉርሻ፣ በቃ። ጠረጴዛዬን ነቅዬ አወጣሁ፣ ሳንቃውን አነሳሁ። ጋሽ ወልደ ሥላሴም እሑድ ጸሎታቸውን አድርሰው ሁለቱን ሸማኔዎች ይዘው መጡ፤ ለዚህስ እግዜር አይቀየመንም፣ ክሩን አንድ በአንድ ቀጥለን እንመልስልህ አሉት። «ተዉት፣ ልጁ ይሥራበት» አላቸው። እትዬ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አልቅሼ ለመንኩት፤ እሱ እኔን ያጽናናኛል።

ትናንት ጋቢውን ከሣጥን አስወጣኝና በግራ እጁ ለካው። «ለእሷ ያጥራል፣ ለልጁ ይበቃል፤ ሲያድግ ሌላ ሰው ይሠራለታል» አለና እንዲህ እንዳለ ላክላት አለኝ። ክርስትናውንም በአርባ ቀኑ እዚያው አድርጉት፣ እኔን አትጠብቁ ብሏል። አንቺን እንዳላስጨንቅም አስጠንቅቆኛል። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክር የመቀሱ ነው፤ ቋጥሪው፣ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።

ብትረግሚኝ አልፈርድብሽም። አምላክ አንቺን ከነልጅሽ በጤና ከአራስ ቤት ያውጣሽ፣ ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ እንደ እኔ ያለ ችኩል አያድርግብሽ። ተስፋሁንን ሰላም በዪልኝ። አባባ የልጁን ግንባር ሳሚልኝ ብሏል።

የሺን ስለ አውቶቡሱ ጠይቄያት ነበር። ከአርባ ምንጭ ወደዚህ የሚመጣው ንጋት ላይ ይነሳል፣ ሕፃን ለያዘች ሴትም ከፊት ወንበር ይለቁላታል አለችኝ። እንዲሁ ነው የጠየቅኋት።

ታናሽ ወንድምሽ