እስከ ሚሌ ሳልጫን

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቀየምኩሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? አሁንም መናኸሪያው በር ላይ ብርቱካንሽን ዘርግተሽ ፀሐይ እየመታሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥላ ግዢ ብዬሽ ነበር፤ አልሰማሽም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከተላጠው አፍንጫዬና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ያለሁት መርሳ፣ እህትሽ ሸዋዬ ቤት ነው። አፍንጫሽ ስር ሆኜ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ታለቅሻለሽ፤ ስታለቅሺ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ እሆናለሁ። አሁን ግን አልጠይቅም።

ስነሳ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። ከወልድያ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ የአምባሰልን ዳገት ወጥቼ፣ ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ ታጥፌ፣ የጭፍራን በረሃ አቋርጬ እስከ ሚሌ በብስክሌቴ። መኪና ላይ ሳልጫን። ብስክሌት ጠጋኙ ፍቅሩ በጓደኞቼ ፊት፣ ይቺ ልጅ ከጭፍራ ኢሱዙ ላይ ተጭና ካልተመለሰች ከእንግዲህ መፍቻ አልይዝም ብሎ ሲምል አንቺም ሰምተሽ ስቀሻል። እኔ አልሳቅኩም። የእገሊት ልጅ ሳልባል፣ ብቻዬን የጨረስኩት አንድ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

አንቺ ምን አደረግሽ? ለምታውቂያቸው ሹፌሮች ሁሉ ደወልሽ! ገና ሲሪንቃ ሳልደርስ አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቀዝቀዝ ብሎ፣ የብርቱካን ሻጯ ልጅ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። ውርጌሳ ስደርስ ምሳዬ ታዞ ጠበቀኝ። የአምባሰል ዳገት ላይ ትንፋሼ አልቆ ማርሽ ስቀንስ፣ ያ ካሳዬ የሚባለው የሲኖትራክ ሹፌርሽ ከኋላዬ እየተንፏቀቀ ክላክሱን ያንባርቀዋል። ለማበረታታት ነው አለኝ። ከእሱ ኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ የሚሰድበው ግን እኔን ነው። ወርጄ ስቆም ብስክሌቴን አንስቶ ሊጭን መጣ፤ አልጫንም ስለው እናትሽን ምን ልበላት ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ቢስቲማ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ መንገዱ መሀል ቆመው፣ ይህን ወተት ካልጠጣሽ አላሳልፍሽም አሉኝ። ወተት ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ያን ሁሉ ቁልቁለት መውረድ ምን እንደሚመስል ባልነግርሽ ይሻላል።

እማዬ፣ ደግነት መሆኑ ይገባኛል። ሴት ልጅ ምን ብስክሌት ያስነዳታል ብሎ ለሚስቅብኝ መልስ አላጣም። ውሃ ይዞ፣ አፈር ስሆን እያለ ለሚለምነኝ ግን ምን እመልሳለሁ? ጭፍራ እስክገባ ድረስ ጉዞው የኔ መሆኑ ቀርቶ የአንቺ ሆኖ ነበር። ተናድጄ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

ከጭፍራ ወዲያ ሹፌሮችሽ አለቁ። እፎይ አልኩ። ፀሐዩ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች ይጠብሳል፤ የያዝኩት ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ አሮጌ ኢሱዙ አለፈኝ። ክላክስ አላደረገም፣ አላናገረኝም። ራቅ ብሎ ቆመና ከአንድ ግራር ስር ጄሪካን አስቀምጦ ሄደ። ስደርስ ውሃ ነው፤ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ቀዝቃዛ። ትንሽ ሄድ ብዬ እንደገና ሌላ ጄሪካን። እንደገናም ሌላ። እኔ ስቀርብ እሱ ይነሳል። አበሸቀኝ! የሌሎቹ ልመና በስንት ጣዕሙ! ቁም እያልኩ ጮህኩ፤ አልቆመም። በመጨረሻ ጄሪካኑን በእግሬ መትቼ ደፋሁት። አዎ፣ በረሃ ላይ ውሃ ደፋሁ።

ሰውየው ከመኪናው የወረደው ያኔ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው። ማን ላከህ አልኩት። ስልክ ተደወለልኝ አለ። ማን ደወለልህ ስለው መሬት መሬቱን አየ፤ እኔ ደግሞ ቅንድቡን አየሁ። ግንባሩ መሀል የተጋጠመ ቅንድብ ነው። ትንሽ ሳለሁ ፀጉሬን ስትሠሪኝ፣ ይሄስ ከእኔ ወገን አይደለም እያልሽ በአውራ ጣትሽ የምትዳብሺው ዓይነት።

ሹፌሮችሽ ሁሉ ስለ ገበያሽና ስለ ጉልበትሽ ነበር የሚጠይቁኝ። እሱ ግን፣ ስትናደድ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

ሚሌ ሩቅ አልነበረም። ጉልበትም ነበረኝ፤ ይህን እወቂልኝ። ፀሐይ አልጣለኝም፣ ጎማዬ አልተነፈሰም፣ ተጫኚ ያለኝም የለም። ብስክሌቴን ራሴ አንስቼ ጫንኩና ጋቢና ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፍቅሩ አሸነፈ። ለምን እንደተጫንኩ ለእሱ ምን ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም። ለአንቺ ግን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ወደ መጣሁበት መልሶኝ መርሳ ስንደርስ፣ እስከ ወልድያ አድርሰኝ አልኩት። ከመርሳ ወዲያ አልነዳም አለ። ለምን ስለው፣ መንገዱ ጠፍቶኛል አለኝ። ለሹፌር ወልድያ ይጠፋዋል? ሸዋዬም በር ከፍታ ስታየው ነጠላዋን አጣፋች እንጂ ማነው አላለችም። እሷ እንኳን ሰውን፣ ግቢዋ የገባን ፍየል የማን ነሽ ብላ የምትጠይቅ ሴት! እጁን አስታጥባ እራት አቀረበችለትና ጓዳ ገብታ ቀረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እንግዲህ ቅያሜዬ ይሄ ነው። የሹፌሮቹን ትቼዋለሁ፤ የእነሱን ቁጥር መናኸሪያው ነው የሰጠሽ። መናኸሪያችን ደርሶ የማያውቅ የዚህ ሰው ቁጥር ግን ስልክሽ ውስጥ ምን ይሠራል? ከመቼ ጀምሮ? አባትሽስ ብሎ ሰው ሲጠይቅሽ መንገድ በላው በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ መንገድ በላው ስል አደግኩ። ያን ቁጥር ለራስሽ አልደወልሽበትም፤ ለኔ ብለሽም ስንት ዘመን አልደወልሽበትም፤ ውሃ እንዳይጠማኝ ስትፈሪ ግን ደወልሽ። እዚህ ላይ ስደርስ ንዴቴም ግራ ይገባዋል።

ይህ ደብዳቤ በጠዋቱ ሚኒባስ እጅሽ ይገባል። ሰውየው ሐሙስን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነው፤ የሸዋዬን የሚያፈስ ጣሪያ እያበጀላት ነው። ዓርብ ጠዋት ወደ በረሃው ይመለሳል። አንቺም ፍሬ ለመግዛት መርሳ መውረድሽ አይቀርም፤ ሐሙስ ነይ። ፍሬ ልገዛ ነው የመጣሁት በይ፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅሽም። ካልመጣሽ አብሬው እመለስና ከተጫንኩበት ቦታ ወርጄ ሚሌን እጨርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምሆን ግን ቃል አልገባልሽም።

ከመነሳትሽ በፊት ቤተ ክርስቲያን እለፊልኝ። በየዓመቱ የነፍስ አባታችን በቅዳሴ ከሙታን ጋር እንዲያነሱልኝ የምሰጣቸው ስም አለ፤ ስሰጥ አጠገቤ ቆመሽ ዝም ትያለሽ። ከእንግዲህ ከሕያዋን ጋር ያንሱልኝ ብላለች በያቸው።

ገብርኤል ከመንገድ ክፉ ይጠብቅሽ፤ ለመነጋገር የሚበቃ ዕድሜም ይስጠን።

የምትወድሽ፣ የተቀየመችሽ፣
ልጅሽ
ከመርሳ