ለእታበባ የጻፍኩት እንኳን አደረሰሽ

አዳነ፣ የቤቴ ጌታ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላንተ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። እታበባ መሞቷን አውቅ ነበር። የመጨረሻውን ካርድ ሠርተህ፣ "በይ አንቺ ባለ ፊደል፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ ብለሽ ጻፊልኝ" ስትለኝ እህትህ ጎንደር ላይ ከተቀበረች ሰንብታለች። አውቄው ነው የጻፍኩት።

ከተለየኸኝ አምስት ዓመት ሆነ። ቤታችን እዚሁ እስራኤል፣ ያው ቂርያት መላኪ ነው፤ የደረጃው መብራት አሁንም በርቶ ቶሎ ይጠፋል፣ ሰዉም ግድግዳውን እየዳበሰ ይወጣል። ልጃችን ሲጋል አግብታ ያቭነ ገባች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስትቆጣ ግንባሯን እንዳንተ ትሰበስባለች። ሲጋል ካርዶችህን መስተዋት ውስጥ አድርጋ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላቸዋለች። ከጫማ ሶል የቀረጽካቸውን ማኅተሞችም ወስዳቸዋለች፤ አህያውን፣ ጭላዳውን፣ ዶሮዋን፣ ሁሉንም።

ያን ሥራ ስትጀምር ስቄብህ ነበር። ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ቀን ሣጥን ስትሸከም የኖርክ ሰው፣ ኩላሊትህ እንቢ ሲል ሞአዶን፣ የአረጋውያን መዋያ ገብተህ ከአሮጊቶች ጋር ወረቀት ማጠፍ! አንተ ግን ከልብህ ያዝከው። አስተማሪዋ ያሳየቻችሁ አበባና ልብ ነበር። "አበባ ለሠርግ ነው፣ እኔ እንስሳ ነው የማውቀው" ብለህ አሮጌ ጫማህን ቆርጠህ በምላጭ መቅረጽ ጀመርክ። የመጀመሪያው አህያ ጆሮው ረዝሞ ጥንቸል መሰለ። "ቤሰደር፣ እሺ፣ ጥንቸልም ይሁን" ብለህ ለሲጋል ሰጠሃት።

የእታበባ ካርድ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ወረቀቱን መሃል ላይ አጠፍክ፤ እጥፋቱ ላይ ሁለት ቦታ ቀድደህ ወደ ውስጥ ስትገፋው ትንሽ ደረጃ ወጣለት። ላሟን በማኅተም አትመህ፣ ዙሪያዋን ቆርጠህ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ለጠፍካት። ካርዱ ሲከፈት ላሟ ብድግ ትላለች፤ ጥጃውም ከሥር ወጥቶ ወደ ጡቷ ይጠጋል። ስንቱን ወረቀት አበላሽተህ ነው እዚያ የደረስከው! ሲሳካልህ እንደ ልጅ እየከፈትክ እየዘጋህ፣ "ላሟ እሷ ናት፣ ጥጃው እኔ ነኝ" አልከኝ። እናትህ ስትሞት አዝላ ያሳደገችህ እሷ መሆኗን ለኔ መንገር አያስፈልግህም ነበር። ግን ነገርከኝ።

እኔ ያን ጊዜ አውቄ ነበር።

የእታበባ ልጅ ብርቄ ከጎንደር የደወለች ቀን አንተ ሆስፒታል ዲያሊዛ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ነበርክ። እያለቀሰች ነገረችኝ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ብቻዬንም እንዳልነግርህ አደራ አለችኝ። "ሽማግሌ ሰብስበሽ እንደ ወጉ አርጂው። እሱ ሲያለቅስላት ነው እኔም የሚወጣልኝ" አለች። እሺ አልኳት። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ማለዳ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት ነው። ከዲያሊዛ ተመልሰህ ስትገባ ግን ፊትህ እንደ አመድ ነበር። ያን ሳምንት ይለፍ አልኩ። ቀጥሎ በዓሉ ደረሰ፤ ለበዓል መርዶ አይነገርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንተ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰህ ታፏጫለህ። ከታመምክ ጀምሮ ስታፏጭ ሰምቼህ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን እንዳላቆነጅ። ላንተ ብቻ አስቤ አይደለም። እኔም ያቺን ሰላም ወድጃት ነበር። ቤቴ በለቅሶ እንዲሞላ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ጻፍኩ። አንተ እየነገርከኝ፣ በራሴ ጥረት በለመድኩት ፊደል፣ አሳምሬ። "ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደግሞ ሳቂ፣ ጥርስሽን አትደብቂ" አልክ። እሱንም ጻፍኩት። ልቤ ያሰበው ካርዱን ፖስታ ቤት ላደርስ ነው ብዬ ወስጄ ማስቀረት ነበር። ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። የመጋዘን ጓደኛህ፣ የገደራው ሰው፣ ሊሰናበትህ መጥቶ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጎንደር ሊበር። "ስጠኝ ባክህ! ፖስታ ስትጠብቅ ሌላ ዓመት ይብታል። ያላ፣ አምጣው!" ሲልህ ሰማሁ። ስመለስ ካርዱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ሻዩንም ሳይጠጣ ወጣ። ሮጬ ደረጃው ላይ ልይዘው እችል ነበር። የሻይ ትሪ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ካርዱ ብርቄ እጅ ገባ። እናቷን ከቀበረች ገና ሳምንታት ነው። ብርቄ መርዶውን እንደነገርኩህ ነው የምታውቀው። ከፈተችው፤ ላም ብድግ አለችባት፣ ጤናሽ እንዴት ነው የሚል መጣባት፣ ደግሞ ሳቂ የሚል። ጽሑፉ የኔ ነው፣ ስሙ ያንተ ነው።

ጓደኛህ ሲመለስ፣ "የተገናኘንበት ቦታ በሰው ስለተጨናነቀ ብዙም አላወራኋትም፤ ለእታበባ ልጅ ሰጠኋት፣ ከፍታ አየችና ሄደች" አለህ።

"አልሳቀችም?" አልከው።

"ኧረ አልሳቀችም።"

ያን የብርድ ወራት ስልክ በጠራ ቁጥር ቀና ትል ነበር። "ምን አስቀየምኳቸው?" ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ የላሟን ማኅተም አውጥተህ ስታየው ቆየህና፣ "ቀንዷን አበዛሁት ይሆን እንዴ? የተሳለቅሁባት መስሏት ይሆን?" አልከኝ። እኔ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ? "ስልክ ውድ ሆኖባቸው ነው" አልኩህ። መርዶውን ባስነግርህ መቼ ሞተች ትላለህ፤ መቼ እንደሆነ ከሰማህ ደግሞ አውቄ እንደጻፍኩ ይገባሃል። ከዚያ ወዲያ ዝም ያልኩት ላንተ ልብ ፈርቼ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ እህቴ ተቀይማኛለች እንዳልክ ሄድክ።

ለቅሶህ ላይ የእታበባን ሞት አሁን የሰማሁት አስመስዬ ተናገርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ "ምስኪን፣ ሁለት ሐዘን በአንድ ጊዜ" እያለ አቀፈኝ። እኔም ታቀፍኩ።

ይህን ሁሉ ይዤው ልሞት እችል ነበር። ግን ብርቄ መጣች፣ አዳነ። ባለፈው ጸደይ ከልጆቿ ጋር እዚህ አገር ገብታ ገደራ ቤት ተከራይታለች። ሲጋል ዘመድ አገኘሁ ብላ በደስታ ያቭነ ጠራቻት። መጣች፤ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ቀዝቀዝ ብላ። እጇ የእታበባ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም። ሲጋል ምንም አታውቅም፤ "የአባ ሥራ ነው፣ ተመልከቺ" እያለች ግድግዳውን አሳየቻት፣ የማኅተሞቹንም ሣጥን ከፈተችላት። ብርቄ ጭላዳውን አንስታ አገላበጠችው። "አጎቴ ለዝንጀሮ ጣት ለማውጣት ጊዜ ነበረው። ለእናቴ ለማልቀስ ነው ጊዜ ያጣው" አለች።

ሲጋል እኔን አየች። አፌን ብከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

ሲጋል ወደ ቤት ስትመልሰኝ መኪናው ውስጥ፣ "ኢማ፣ ምን ማለቷ ነው?" አለችኝ። "ምንም። የጉዞ ድካም ነው" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዶችህን ከግድግዳው ላይ ላውርዳቸው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። በሕይወት እያለህ እህትህን ወሰድኩብህ፤ አሁን ደግሞ ልጅህ እንድታፍርብህ እያደረግሁ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ መልስ በማትሰጥበት ጊዜ መለመን ይቀላል። ቃል የምገባልህ ይህን ነው፦ በሕይወት እስካለሁ ስምህ በተነሣበት ቦታ ሁሉ፣ እህቱን የሚወድ ሰው ነበር፣ መሞቷን የደበቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ለሲጋል፣ ስታድግም ለልጇ። ገደራም ሄጄ ላልተለቀሰላት ለእታበባ ከብርቄ ጋር ለቅሶ እቀመጣለሁ፣ ካስቀመጠችኝ። በየዓመቱም ስማችሁን አንድ ላይ አነሣለሁ።

እነዚህን ወረቀቶች መቃብርህ ላይ አላነባቸውም። ነገ በአውቶቡስ ገደራ እወስዳቸዋለሁ፤ ለሰው አልሰጣቸውም፣ በፖስታም አልልካቸውም። ብርቄ ትምህርት ቤት የገባች ናት፣ ከኔ አሳምራ ታነባለች። አንብባ እስክትጨርስ ፊቷ ቆሜ እጠብቃለሁ። የተጻፈው ላንተ ነው፤ የሚሰጠው ለብርቄ፣ ለእታበባ ልጅ ነው።