ውርጭ የሚተኛበት ጥግ

እምዬ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት። አንቺ ያለሽበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር እንጃ። እኛ ግን ሰንብተናል። ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከዳባት በጠዋቱ ሚኒባስ መጥቼ የጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የደባርቅን ብርድ ታውቂዋለሽ። ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ ፊደሌ የዶሮ ጭረት መስሏል፤ ተማሪዎቼ ቢያዩት ስንት ቀን ይስቁብኝ ነበር።

አባዬ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ዳገት ላይ ያስቸግረዋል። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀርቷል። ሌላው ወሬ ደግሞ አባዬ አግብቷል። እስካሁን ያልነገርኩሽ አንቺ እንዳይከፋሽ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ፤ የከፋኝስ እኔን ነበር። ሙት ዓመትሽን አውጥተን ሦስት ወር ሲሆን ነው ያገባት። ከሊማሊሞ ሥር ከድብ ባሕር የመጣች፣ እሷም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስሟ ፈንታዬ ይባላል። ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር «በእናትሽ ፈንታ» የተባልኩ እየመሰለኝ በስሟ አልጠራትም ነበር። ለሰው ሳወራ «እሷ» እላለሁ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ»። ማክበሬ እንዳይመስልሽ፤ ማራቄ ነው።

አሁን ወደ ጓሮሽ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሆነው እዚያ ነውና።

ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ፀሐይ ሳትወጣ ቀስቅሰሽ ጓሮ ታወጪኝ ነበር። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ እያጉረመረምኩ፣ አንቺ እንደ ቀያሽ ጎንበስ ቀና እያልሽ፣ ነጩ ውርጭ እስከ የት ድረስ እንደተኛ ታሳዪኛለሽ። «ሰው ለተክል አፈር ይመርጣል፤ ደባርቅ ላይ ግን አስቀድመሽ ብርዱን ጠይቂ» ትዪኝ ነበር። ብርድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ያድራል ትያለሽ። ውርጩ ባለቀበት መስመር ላይ ድንጋይ ትደረድሪያለሽ። ከድንጋዩ ወዲያ፣ በታችኛው ጥግ፣ ከጎመን በቀር ምንም አይተከልም፤ ጎመን ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣላ። ድንቹ ከላይኛው መደብ፣ ነፋስ ውርጩን በሚያባርርበት በበሩ በኩል፣ ደማከሴውና ቆስጣው ከቤቱ ጀርባ ጥላው ላይ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደግሞ የጤና አዳምሽ ቦታ ነበረች፤ ድንጋዩ የከሰዓቱን ፀሐይ ይዞ ያድራል፣ ከጀርባውም ምድጃ አለ። «ለጎመን እንዲህ ከሆንሽ ለአማች ምን ልትሆኚ ነው» ብዬ ሳሾፍብሽ ትስቂ ነበር።

ችግኝ የለመነሽን ሰው ችግኙን ብቻ አስይዘሽ አትሸኚውም ነበር። ግቢው ድረስ ሄደሽ ቦታውን አሳይተሽ ነው የምትመለሺው። ከዚህ በታች የምነግርሽን ስታነቢ ይህን አለማስታወስሽን ብመኝ አይፈረድብኝም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የታችኛው ጥግ ጦሙን አድሮ ነበር። ፈንታዬ በመጣች በመጀመሪያው ሰኔ ሄዳ ያየችው እሱን ነው። የቆላ ሰው ጭንቁ ውሃ ነው፤ እርጥብና ጥቁር አፈር ካየ ሌላ አይጠይቅም። ድንጋዮችሽንም አየቻቸውና የመደብ ክባብ መሰሏት። «ነፍሳቸውን ይማርና እናትሽ ባለሙያ ነበሩ፤ መደቡን ሳይቀር ከበውልኛል» አለችኝ። «ከበውልኛል» ማለቷ አንገበገበኝ። እምዬ ለአንቺ ብላ ነው እንዴ ጎንበስ ስትል የኖረችው፣ አልኩ በሆዴ። ከድንጋዩ ውስጥ ቃሪያ ደረደረች፤ መሐሉ ላይ ከድሮ ግቢዋ በዘይት ቆርቆሮ ያመጣችውን የሎሚ ችግኝ ተከለች። አባዬን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ የጓሮውን ነገር ጎመኑ ወጥ ሆኖ ሲቀርብለት ነው የሚያውቀው። የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እጄን አጣምሬ በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔስ ኃጢአት ገባበት።

ክረምቱን ሎሚው አማረበት። በየሳምንቱ ስመጣ ታሳየኛለች፤ እኔም «ጥሩ ነው» እላታለሁ። ኅዳር ገባ። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ታችኛው ጥግ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ቃሪያው እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ወድቋል፤ የሎሚው ቅጠል በእጇ ላይ ይፈረፈራል። የአገራችሁ ብርድ ያጥፋው ብላ ትራገማለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ብርዱን አላነሳችም። መዳፏን ገልብጣ አየችና «የኔ እጅ መች ያጸድቃል» አለች። «ሁለት ወልጄ ሁለቱንም አላቆየልኝ፤ እንኳን ሎሚ።» ይህን ያለችው ነገ እሑድ ነው እንደማለት፣ ድምጿን ሳትለውጥ ነው።

እምዬ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ምላስ ሆኖ ሴትዮዋ እጇን ትከስሳለች። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፈሪ ልጅ ነው የወለድሽው። ዳባት ተመልሼ ሳምንቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ የእሷ መዳፍ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማድ ቤት ገብቼ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ሳልቀንስ ነገርኳት። ድንጋዮቹ የውርጭ ምልክት መሆናቸውን፣ ያ ጥግ ከጎመን በቀር እንደማያበቅል፣ እኔም ስትተክል እያየሁ ይህን አውቅ እንደነበር። ምስሩን መልቀም ሳታቆም «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። «አውቅ ነበር» አልኩ። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠችና ሁለት እጇን አየች። «እንግዲያው እጄ አይደለማ» አለች። ደግማም «እጄ አይደለም» አለችና አለቀሰች። ከነገርኳት ሁሉ የሰማችው እሱን ብቻ ነው። እኔ የምሸከመውን በደል ይዤ ብመጣ እሷ ልጆቿን ከቀበረች ወዲህ ያዘለችውን የሃያ ዓመት ሸክም አወረደች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አብረን ሊማሊሞን ወርደን ሌላ የሎሚ ችግኝ አመጣን። ደባርቅ ላይ ለሎሚ የምትሆን ቦታ አንድ ብቻ ናት፤ የማድ ቤቱ ግድግዳ። ጤና አዳምሽ አርጅታ፣ ግንዷ እንጨት ሆኖ እዚያ ነበረች። ዶማ ሳነሳ ፈንታዬ እጄን ያዘችኝ፤ የሟች ተክል አይነካም አለች። እኔ ግን ጤና አዳም ሲያረጅ ከቅርንጫፉ አዲስ ይተከላል ያልሽኝን ነገርኳት። አምስት ቅርንጫፍ ቆርጬ ከግድግዳው ጫፍ ተከልኩ፤ ሦስቱ ይዘዋል። አሮጌውን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲቆፍረው አልፈለግኩም፤ እየቆፈርኩም እያለቀስኩም ሥሩ እስኪወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

በዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ፈንታዬ ሲመሽ ሎሚውን በጆንያ ስትሸፍን፣ ሲነጋ ስትገልጥ ከረመች። ጥቂት ቅጠል አርግፏል፤ የቀረው አረንጓዴ ነው። ያፈራል ብዬ አልዋሽሽም፤ ደባርቅ ሎሚ አፈራ ቢባል ዳባት ድረስ ይሳቅብናል። ቅጠሉ ግን በጣት ሲታሽ ማድ ቤቱን ያውደዋል። በታችኛው ጥግ ጎመን መልሰናል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት መጥታ ግድግዳውን አየችና ይህን ደግሞ የማን እጅ አጸደቀው ብላ ጠየቀች። አባዬ አፉን ሳይከፍት «የእትዬ ፈንታዬ እጅ ነው» አልኩ። ፈንታዬ ምድጃው ላይ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ጭስ ገባባት መሰለኝ።

አልረሳሽም፤ እንዴትስ እረሳሻለሁ። ለአንቺ መቅናት ግን ማስታወስ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ያሳየሽኝን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ፤ ችግኝ ይዞ የቆመ ሰው ካየሁ ግቢው ድረስ እሄዳለሁ። ይህ ቃሌ ነው።

በደሌን ደግሞ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ፈንታዬም ይቅር ብላኛለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ።