የላክህልኝ ጠቋሚ የዋለችበት

ለምወድህ ወንድምዓለሜ፣

ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ፣ የቀረልህን ያህል ማለቴ ነው፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለው? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

አስቀድሜ የጎረቤታችንን የአዋላጇን ወሬ ልንገርህ። ጉልበቷን ዛሬም ያማታል፤ መርፌ ተወግታ ትንሽ ለቀቅ አድርጓታል። አግብታ ሩቅ የሄደችው ልጇ በቅርቡ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የሰው ልጅ ሁሉ ስታዋልድ የኖረች ሴት የራሷን የልጅ ልጅ በስልክ አየች። ብቻዋን ናት። ረጅም መንገድ በእግሯ ስለማትችል ወላድ ቤት የምትደርሰው በብስክሌት ነው፤ የሚያመኝ መሬቱ እንጂ ፔዳሉ አይደለም ትላለች።

ያቺ የኮት ቁልፍ የምታክል፣ ያለችበትን በስልክ የምታሳይ ጠቋሚ ደርሳኛለች። ባለቤቴ የቧንቧ መፍቻዎቹን ጭኖ የሚዞርባትን ብስክሌት ሌባ ቢወስዳት እንድናገኛት ብለህ አይደል የላክሃት? እኔም ልብስ ሰፊነቴን ተጠቅሜ ለመቀመጫዋ የወፍራም ጨርቅ ሽፋን ሰፋሁና በገበሩ ውስጥ ደበቅኋት። ጨርቅ ስለተረፈኝ ለአዋላጇም ያንኑ ዓይነት ሰፋሁላት። ባለቤቴ እንደምታውቀው ምላሱ ምስጢር አይቋጥርምና ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን ከፍቶ ማየት ሥራዬ ሆነ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ብስክሌታችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የዚያች ዘናጭ ፀጉር ሠሪ በር ላይ ቆማ ትውላለች። ባለቤቴን ሲገባ የት ዋልክ ስለው የትምህርት ቤቱን ቧንቧ ስጠግን ይለኛል። በማግስቱም እዚያው። ሻዩን ያለ ስኳር ሰጠሁት፤ እሱም ሳያጉረመርም ጠጣው። ጥፋት የሌለበት ሰው ዝም ብሎ መራራ ይጠጣል? ብዬ ይህንንም ቆጠርኩበት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አዋላጇ እያነከሰች መጣች። ብስክሌቷን ከደጃፏ ሰርቀዋታል። ወራቸው የገባ ሴቶች እየጠበቁኝ እንግዲህ በምን እደርሳለሁ ብላ በሩ ላይ ቁጭ አለች። እኔም የእኛዋን ደህንነት ልይ ብዬ ስልኬን ብከፍት፣ ብስክሌታችን ከከተማ ወደሚያስወጣው መንገድ ትከንፋለች። ባለቤቴ ደግሞ ሻዩን ይዞ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ብስክሌቱም ከጀርባው ግድግዳ ተደግፋለች።

ለካ አንተ አልነበርክም አልኩ፣ አምልጦኝ። የት ነው እኔ ያልነበርኩት? አለኝ። ሁለቱ ሽፋኖች መንታ ናቸውና ጠቋሚዋ ያለችበትን በስህተት ለአዋላጇ ሰጥቻት ኖሯል። ፀጉር ሠሪዋ ቤት የምትመላለሰውም እሷ ነበረች፤ የፀጉር ሠሪዋ እህት ለወሊድ መጥታ።

ፖሊስ ይዘን ስልኩ ወዳሳየን ወደ አሮጌ ዕቃ ገዢው ግቢ ሄድን። ሰውየው ብስክሌት የሚባል ግቢዬን ረግጦ አያውቅም ብሎ ማለ። ጠቋሚዋ ስትታዘዝ ትጮኻለች ብለኸኝ የለ፣ ስልኩን ብነካው ከፍራሽ ክምር ሥር እንደ ጫጩት ጪው ጪው አለች። ዶሮ ናት አለ ሰውየው። ፖሊሱም እንግዲያው ዶሮዋን እንያት ብሎ ፍራሹን አነሳ። አዋላጇ ብስክሌቷን ስታይ ጉልበቷን ረስታ ዘለለች።

ጥርጣሬዬን ስለነገርኩት ባለቤቴ አሁን ከቤት በወጣ ቁጥር ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄጃለሁ ይለኛል። ይበለኝ። ስኳሩንም በሁለት ማንኪያ እየካስኩት ነው።

ሚስትህን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ቁመቱ አባቱን አልፏል አሉኝ፣ ዝቅ በል በለውና ሳምልኝ። ትንሿን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጮቿን። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል።

ይህን ስጽፍ ፀጉር ሠሪዋ የእህቷን ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች። ምነው ሰሞኑን ሰላምታሽ ጠፍቶ ነበር፣ ታመሽ ነው? አለችኝ። አዎ፣ አሁን ግን ድኛለሁ አልኳት። አዋላጇም ተከትላት መጣች። ሳላስፈቅድሽ ስከታተልሽ ከርሜአለሁና ይቅር በዪኝ ብዬ፣ ሽፋኑን ተርትሬ ጠቋሚዋን ላወጣ መቀስ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። ተያት አለች፤ ልጄ ከሄደች ወዲህ የት ዋልሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሳትጠይቂኝም ታውቂያለሽ አለችኝ።

የምትወድህ እህትህ
ከስፌት ማሽኔ አጠገብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን