ጨረቃ ናት ያልካት ቀይ ኮከብ

ሰይድዬ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባንተ ላይ ይሁን። ከሄድክ ሰባት ወር ሞላ። ሁሉን ነገር አስተካክለህ ስትሄድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጥለህብኝ ሄድክ፤ ጋራዥ የሰቀልከው ሦስተኛው ስዕል ላይ ያሉት ሰዎች ሰማይ ላይ የሚያዩት ምንድን ነው? ያንተ መልስ አላጠገበኝም ነበር። ዛሬ መልሱን አግኝቼልህ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ሀያት ኮሌጇን ቀጥላለች። መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት፤ ወንበሩን ወደ ፊት ስባዋለች፣ ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል። ሰፈራችን ሲልቬራዶ ራንች ዘንድሮ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ሰው ጠርተን አሠራን፤ አንተ ብትኖር እየተነጫነጭክ ራስህ ትጠግነው ነበር። የፕላስቲክ ወንበርህ ጋራዥ ውስጥ፣ ስዕሎቹ ፊት ለፊት እንዳለች ናት። ከእኔ በቀር የተቀመጠባት የለም።

የምትሠራበት ሆቴል የጃፓን ምግብ ቤቱን ሲያድስ ከሚጣለው ዕቃ ውስጥ ሦስቱን ስዕሎች በብርድ ልብስ ጠቅልለህ የመጣህበትን ቀን መቼም አልረሳውም። እንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው አልከኝ፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው አልነበረም። ሳሎን እንስቀላቸው ብልህ፣ የሰው ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብለህ ጋራዥ ሰቀልካቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከሺፍት በመጣህ ቁጥር እኔንም መላእክቱንም ሳሎን ጥለህ ጋራዥ መቀመጥ ሆነ ሥራህ።

የመጀመሪያው ላይ ጎራዴ የያዙ ሰዎች ሰማያዊ ዩኒፎርም ከለበሱ፣ ጠመንጃ ካነገቱ ወታደሮች ጋር ይዋጋሉ። ባለጎራዴዎቹን ሽፍቶቹ ትላቸው ነበር። ሁለተኛው ላይ ሴቶች አሉ፤ እጀታው እንደ ጦር የረዘመ ጎራዴ ይዘው ወታደሩን ያሯሩጡታል። ከመካከላቸው ፊቷን ያኮሳተረችውን እያሳየህ፣ ቤት በጫማ ስገባ እንዲህ ነው የምታዪኝ ትለኝ ነበር። እውነትም እኔን ትመስላለች።

የተከራከርነው በሦስተኛው ነው። ሰዎች ሰገነት ላይ ተሰብስበው ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ፤ አንዱ የሩቅ ማያ መነጽር ደግኗል፤ ሰማዩ ላይ ክብ ነገር አለ። አንተ ሳታመነታ የረመዳን ጨረቃ እየፈለጉ ነው አልክ። ምን ታደርግ፣ በየዓመቱ ሄንደርሰን ከተማ ጫፍ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥተህ ጨረቃ የምትጠብቅ ሰው ሌላ ምን ሊታይህ? ክቡ ቀይ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ሰውዬ ቆሟል፣ ጃፓንስ መቼ ነው የሰለመችው ብልህ፣ እሱ የሰዓሊው ጭማሪ ነው ብለህ ዘጋኸኝ።

ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ሀያት ኮሌጇ ውስጥ ጃፓንኛ የሚያስተምሩ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጋ ወሰደችኝ። ስዕሉን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የሄድኩት። ሴትዮዋ ስዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡና ቀስ እያሉ አስረዱኝ፣ ሀያት እንደምንም እየተረጎመች።

ሽፍቶች ማለትህ ልክ ነበር። ሳሙራይ የሚባሉት የጥንት ባለጎራዴዎች ናቸው። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት አዲሱ የጃፓን መንግሥት ጎራዴ መታጠቅ ከልክሎ፣ ክብራቸውን ገፎ ባዶ ሲያስቀራቸው ሸፈቱ። መሪያቸው ራሱ ቀድሞ የዚያው መንግሥት ታላቅ ጄኔራል ነበር። የሚገርመው፣ ሰዓሊዎቹ ጦርነቱን በዓይናቸው አላዩትም፤ ከተማ ተቀምጠው የጋዜጣ ወሬ እየሰሙ ነው የሳሉት። የከተማውም ሰው የሽፍታውን ስዕል እየተሻማ ይወስድ ነበር። መንግሥት እንዴት ዝም አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያሸነፈው መንግሥት ነው፣ የተወደደው ግን የተሸነፈው ነው አሉኝ።

ክቧም ጨረቃ አይደለችም ሰይድዬ። ማርስ ናት። በዚያ ሰሞን ወደ ምድር ቀርባ ደምቃ ትታይ ነበር አሉ። የሽፍቶቹ መሪ ሞተ ሲባል ሕዝቡ አላምንም አለ፤ ቀይዋ ኮከብ ውስጥ የማዕረግ ልብሱን ለብሶ ቆሞ አየነው አለ። እኛስ ወሎ ተገደለ የተባለ ሽፍታ ማዶ ታየ ሲባል ሰምተን አልነበር? ሰው የትም ሰው ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሀያት ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ማርስ ዘንድሮም ቀርባለች፤ እንዲህ የቀረበችበት ዘመን የለም እየተባለ በቴሌቪዥን ይወራል። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። የምሽቱን ኢሻ ሰግደን ኮረብታህ ላይ ወጣን። ስንት ረመዳን አንተ እዚያ ስትቆም እኔ ቤት ስልክህን ስጠብቅ ኖሬ፣ ቦታውን የረገጥኩት ገና አሁን ነው። አንተ ለጨረቃ ወደ ምዕራብ ነበር የምትዞረው፤ እኔ የከተማውን ካዚኖዎች መብራት ከኋላዬ አድርጌ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ።

አለች። እንደ ፍም ቀልታ። ሀያት አይታ፣ ቆንጆ ናት ብላ መኪና ውስጥ ገባች። እኔ ቆየሁ። የሞተ ሰው ኮከብ ላይ እንደማይቆም አውቃለሁ፣ ዲኔንም አልረሳሁም። ግን ዓይኔን ማን ይከልክለው? ፈለግሁህ። የሆቴሉን ሸሚዝ ለብሰህ፣ የቁልፍ መዓትህን ወገብህ ላይ አንጠልጥለህ፣ እዚያ ቀይ ውስጥ ቆመህ እንደሆነ ብዬ ፈለግሁህ።

አምና ደመና ሆኖ ጨረቃ ስትጠፋብህ ትዝ ይልሃል? ጓደኞችህ ሌላ ከተማ ታይታለች፣ አየሁ በልና ተገላገል ቢሉህ፣ እጾማለሁ፣ ግን አላየሁም አልካቸው። ለዚህ ነው ሰይድ አየሁ ካለ ማንም ደግሞ የማይጠይቀው። እኔም ያንተ ሚስት ነኝ። አየሁህ አልልም። አላየሁህም።

ስዕሉ ቦታው ተመልሷል፤ ወንበሯም አለች። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ቀረው። ዘንድሮ ባንተ ቦታ ኮረብታው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ጨረቃዋን ካየሁ ለሁሉም እደውላለሁ፤ ካላየሁም አላየሁም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ሀያት መኪና ውስጥ እስክትሰለች ድረስ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ትንሽ እቆያለሁ።

ፋጡማህ