እህቴ የለቀቀችልኝ ወርቅ

ኦክቶበር 6

ዛሬም አላርሙ ሳይጮህ ነቃሁ። ወደ በረዶ ሸርተቴው ሪንክ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀየርኩ። እህቴ ሰልዋ ጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ምን ሆንኩ? እኔም አላውቅም... ዳሌዬ ያመኛል፤ እሱን አውቃለሁ።

ልምምዱ ደህና ነበር። ሦስት ዙር የሚሽከረከረውን ዝላይ፣ ሉትዙን፣ ዘልዬ ቆምኩ። ከሱ አስከትዬ የምዘለውን ሌላ ሦስት ዙር ግን ሞሪን ከፕሮግራሜ አውጥታዋለች። ለዳሌሽ ነው ብላኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሠለጠነችኝ ሴት ናት፤ ክፉ አላሰበችም። ግን ይህን እየነገረችኝ ሰልዋ ከጀርባዋ ሁለቱንም አከታትላ ዘለለቻቸው።

እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ሃያ አራት። የካናዳ ሻምፒዮን እኔ ነኝ። እስከ ጃንዋሪው ውድድር...

ኦክቶበር 12

አባ አማርኛሽ ዛገ ስላለኝ ነው ይህን በአማርኛ የምጽፈው። ሰልዋ እንኳን መጻፍ፣ ማንበቡም የለችበት፤ እዚሁ ካናዳ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ነው የተወለደችው።

ከሰዓት በኋላ ሊፍት ውስጥ ከእትዬ ተናኜ ጋር ተገናኘን፤ ጎረቤታችን ናቸው። አባ የአውቶቡስ ነጂ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ያቺን ወሬ ጀመረላቸው። የመጀመሪያ የበረዶ ሸርተቴ ጫማዬን ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ጫማውን በእንግሊዝኛ "ስኬት" ሲለው፣ እዚህ አገር ስኬትም በሱቅ ይሸጣል ማለት ነው ብሎ እንደተገረመ። ስንቴ ሰማኋት! እትዬ ተናኜም ሰምተዋታል። ሳቁለት።

ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ዘንድሮስ ከሁለታችሁ ማን ታሸንፋለች አሉኝ። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

"እኔ ለሁለታችሁም ተስያለሁ" አሉ። "ከዚያ ወዲያ እሱ ፈጣሪ ይጨነቅበት።"

አባ ሳቀ። እኔ ከፎቃችን በፊት ወርጄ የቀረውን በደረጃ ወጣሁት።

ኖቬምበር 8

የክፍለ ሀገራችንን፣ የኦንታሪዮን ውድድር አሸነፍኩ። ሰልዋ ሁለተኛ። እማ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፋ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች።

ለምን ደስ አላለኝም?

ኖቬምበር 9

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት።

ሰልዋ ሉትዙን ልትዘል ተነሳች። ገና በረዶውን ሳትለቅ ትከሻዋ ተከፈተ። ከሦስት ዙር አንዱን ብቻ ሠርታ ወረደች። ሰው ሁሉ ልጅ ናት፣ ፈራች አለ። ሰልዋ? ሰልዋ ዝላይ አትፈራም። ትወድቃለች እንጂ። ሦስቱንም ዙር ጨርሳ፣ በጎኗ ተላትማ፣ እየሳቀች ነው የምትነሳው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አንድም ቀን አየር ላይ እጇን ከፍታ ዙሩን ስታቋርጥ አይቻት አላውቅም።

እና እንደወረደች ቀና ብላ እኔን ፈለገችኝ። ዳኞቹን አይደለም። እኔን።

የሚብሰው ምኑ ነው... መድረኩ ላይ ስወጣ አውቄው ነበር። አውቄው ሜዳሊያውን አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ። ትንሽ ደግሞ ቀለለኝ። እንዴት ይቀለኛል?

የኩሽናውን መደርደሪያ በሙሉ አውጥቼ አጠብኩት። ማንም እጠቢ አላለኝም።

ኖቬምበር 11

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያዝኳት። ሆን ብለሽ ነው ወይ አልኳት። መጀመሪያ አይደለም አለች። ዓይኗን አላነሳችም። ደግሜ ጠየቅኳት።

"አንቺ ከተሸነፍሽ አባ ይሞታል" አለች በዚያ ስብርብር አማርኛዋ። "እኔ ጊዜ አለኝ።"

እኔ ጊዜ አለኝ...

"ሰደቃ ለቸገረው ነው የሚሰጠው" አልኳት። "ቸገረኝ ብዬሻለሁ?"

"አላልሽም። ግን ያስታውቃል።"

አውቶቡሱ መጣ። እሷ ተሳፈረች፣ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ከሰፈራችን ሥር ካለው ሸለቆ የሚመጣው ነፋስ ፊቴን ይገርፈዋል። ያስታውቃል አለች። ከማን ጋር አወራችበት? ከሞሪን? ከእማ? ሁሉም ያውቃል ማለት ነው? ቤት ስደርስ እግሬ በድን ሆኗል። ሰልዋ እራት አቅርባልኛለች። አልበላሁም።

ኖቬምበር 23

ከሰልዋ ጋር እስካሁን አልተነጋገርንም። በአንድ ክፍል ውስጥ አለመነጋገር እንዴት ይከብዳል። ቻርጀር ስትፈልግ እማን ልካ ነው የምትጠይቀኝ። እማ ምን እንዳጣላን ብትጠይቅ ብትጠይቅ የሚመልስላት አጣች። ዛሬ ተናዳ፣ እንግዲያስ ቻርጀራችሁን ራሳችሁ ተቀባበሉ ብላ ወጣች።

መቀመጥ አልችልም። መቆምም አልችልም።

ዲሴምበር 2

ልምምድ አቆማለሁ ልላት ወደ ሞሪን ሄድኩ። ምክንያቱን ስነግራት አልደነገጠችም። ያን ዕለት እሷም አይታዋለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ብናገር ሁለታችሁንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ አለች። አምሳ ዓመት በረዶ ላይ የኖረች ሴት... ፈራሁ አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ሰልዋ ብቻ አይደለችም ያዘነችልኝ። ሞሪንም ዝላዩን ያወጣችው አዝናልኝ ነው። እኔም ዝም ያልኩት ለራሴ አዝኜ ነው። ሁሉም እንደ ሸክላ ይዘውኛል፤ እኔም ራሴን።

"ዝላዬን መልሺልኝ" አልኳት።

"ዳሌሽስ?"

"ዳሌዬ የኔ ነው።"

ብዙ አሰበች። ሐኪሙ ካየሽ በኋላ አለች። እሺ አልኩ። ለማቆም ሄጄ፣ ይዤው የተመለስኩት ይህን ነው።

ዲሴምበር 10

ሐኪሙ የአጥንት ጉዳት የለም አለ፤ ሲያምሽ አቁሚ አለ። ሞሪን ዝላዩን መለሰችልኝ። ወደቅኩ። ደግሜ ወደቅኩ። ሰልዋ ከወዲያ ጥግ ታየኛለች። በሦስተኛው ላይ ልታነሳኝ እጇን ዘርግታ መጣች። እጇን አልያዝኩም። በጉልበቴ ተነሳሁና በረዶውን ከሱሪዬ እያራገፍኩ፣ "ተራሽ ነው" አልኳት። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሄደችና ዘለለች። ሁለቱንም። እያየችኝ ነው የወረደችው፤ የአሁኑ ግን የሐዘኔታ አስተያየት አልነበረም።

ተናደድኩ። ደግሞ ደስ አለኝ።

ዲሴምበር 28

ዳሌ። በረዶ። አውቶቡስ። ዳሌ።

ጃንዋሪ 9

የካናዳ ሻምፒዮና ነገ ነው። ሁለታችን አንድ ሆቴል ክፍል። እሷ ትተኛለች፤ እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ዘንድሮ ከካናዳ ለዓለም ሻምፒዮና የምትላከው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ብትከፍትስ? ነገም እጇን ብትከፍትልኝስ? ... ባትከፍትስ?

ጃንዋሪ 11

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሉትዙን ቆምኩ። ተከታዩን ዘለልኩ፣ ወደቅኩ። ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ጨረስኩ። ዳሌዬ እሳት ነበር። ግን ማንም ያልሰጠኝን ነው የሠራሁት፤ መውደቁም የኔ ነው።

መጨረሻ ላይ ሰልዋ ገባች። ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ወደ ጥጉ ስትሄድ... እውነቱን ልጻፍ። ክፈቺ አልኩ በልቤ። እጅሽን ክፈቺ። ያን ሁሉ ካልኳት በኋላ!

አልከፈተችም። ሦስት ዙር። ወዲያው ሌላ ሦስት። አዳራሹ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ። እጄ ያጨበጭባል፣ ዓይኔ የነጥብ ሰሌዳውን ይፈልጋል።

አንደኛ እሷ። ሁለተኛ እኔ።

አባ ስንዘል አያይም፤ ጫማው ላይ አቀርቅሮ ጭብጨባ ሲሰማ ነው ቀና የሚለው። መተላለፊያው ላይ አገኘን። ማንን ቀድሞ እንደሚያቅፍ ጠፍቶት መሀላችን ቆመ። እኔ ነኝ ወደ ሰልዋ የገፋሁት። አቀፋት። ከዚያ ወደኔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል እንጂ አልሞተም። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየኝና፣ "ርቦሻል?" አለኝ።

በጣም ርቦኝ ነበር።

ማርች 28

ዒድን ያለ ሰልዋ ዋልን። እማ ድርሻዋን አስቀምጣላታለች፤ ማንም አልነካውም።

ሰልዋ ከዓለም ዘጠነኛ ወጣች። ዛሬ ጠዋት ደወለች። አዳራሹ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ስትገባ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደፈራች ነገረችኝ። ፈርታም ሦስቱንም ዙር ጨርሳ ወደቀች። በቲቪ አይቻታለሁ፤ እየሳቀች ነው የተነሳችው። ስለ ዳሌዬ ጠየቀችኝ። እስከ ሰመር እንዳልዘል ተከልክያለሁ አልኳት። አይዞሽ አላለችኝም።

ከዚያ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ቦታዬን ልወስድ እንደምመጣ ነገርኳት። ከወዲሁ እንድትዘጋጅ።

"ኢንሻአላህ" አለች። ቀጥላም በንጹሕ አማርኛ፣ "ግን አልሰጥሽም።"

ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ተኛሁ። ስነቃ ቀትር ሆኖ ነበር።